ሠዓሊዎቹ ያጣመሙት ፊት

ስለ እኛ ሰው ይሉኝታ ልንገራችሁ ብል፣ «እሱንማ ለእኛ ትነግረናለህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ስሙኝ። ጎመን በልቶ፣ ቅጠሏ ፊት ጥርሱ ላይ ተለጥፋ ግማሽ ቀን ሲስቅ የዋለ ሰው አታውቁም? አብረውት የሳቁት ሁሉ አይተዋታል። እንዲያውም አንዳንዶቹ የሳቁት በእሷ ነው። የነገረው ግን የለም። ለምን ዝም አላችሁ ብትሏቸው «ቅር እንዳይለው ብለን ነዋ» ይሏችኋል። ሰውየው የተከበረ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ የሱሪው ዚፕ እንደተከፈተ ስብሰባ መርቶ ይወጣል እንጂ ጠጋ ብሎ ሹክ የሚለው አያገኝም። አክብሮታችን በጨመረ ቁጥር የምንናገረው እውነት እየቀነሰ ይሄዳል።

እርሳስ ግን ይሉኝታ የለውም። ይህን የተማርኩት ናይሮቢ ነው።

ፈረንጆቹ ሁለት ሺህን ከተሻገሩ ጥቂት ዓመታት በኋላ ይመስለኛል፤ የስልክ ካርድ በጥፍራችን እየፋቅን የምንሞላበት ጊዜ ነበር። ጊጊሪ ሠፈር ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ሳገላብጥ ስለምውል፣ ቅዳሜ ሲመጣ ቃል የሌለበት ነገር ያምረኛል። አንድ ቅዳሜ ፓርክላንድስ ባለው ሲቲ ፓርክ ሳቋርጥ፣ ትንንሽ በርጩማ ላይ የተቀመጡ ሰዎች አንድ ዛፍ ከበው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው አየሁ። ልቅሶ ላይ ያሉ መሰለኝ። ቀረብ ስል ሠዓሊዎች ናቸው። የምትመራቸው ንጄሪ የምትባል፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሥዕል ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ነበረች። ምን ፈለግህ ሳትለኝ ወረቀትና እርሳስ ሰጥታ አስቀመጠችኝ። በዚያው ቀረሁ።

የእኔ ዛፎች ለብዙ ጊዜ ጃንጥላ ነበሩ። ንጄሪ ከኋላዬ መጥታ ትቆምና፣ «ዳንኤል፣ ያስቸገረህ ዛፍ ምን እንደሚመስል ማወቅህ ነው» ትለኛለች። «የምታውቀውን ተወውና የምታየውን ሳል።» በቃል ደረጃ ገብቶኛል። በእርሳስ ግን ጃንጥላዬን እቀጥላለሁ።

ታሪኩ የሆነው በጥቅምት ነው። ጥቅምት ሲገባ የናይሮቢ ጃካራንዳ ቅጠሉን ትቶ ሐምራዊ አበባ ብቻ ይለብሳል፤ የረገፈው አስፋልቱ ላይ ይነጠፋል፤ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ሳይቀሩ አበባ ጣሪያቸው ላይ ተሸክመው፣ ሙዚቃቸውን አስጩኸው ያልፋሉ። ከመካከላችን ያለች አንዲት እንግሊዛዊት «ስፕሪንግ ገባ» ብላ ደስታዋን አትችለውም። ንጄሪ ደግሞ «ስፕሪንግ እናንተ አገር ነው፤ እዚህ የትንሹ ዝናብ መዳረሻ ነው» ትላታለች። እኔ «መፀው» ልላቸው አሰብኩና፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ አስተርጓሚ ሆኜ ሳለ ትርጉሙን ስላጣሁት ተውኩት። በስሙ ባንስማማም አበባው ሁላችንም ላይ እኩል ይረግፍ ነበር።

ወደ ጋሽ መኮንን ልምጣ። ጋሽ መኮንን ሁርሊንግሃም ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ስድሳን ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ መልከ መልካም ሰው ናቸው። መልከ መልካምነታቸውን የሚያውቀው ደንበኛው ብቻ አይደለም፤ እሳቸውም በደንብ ያውቁታል። ሪዛቸውን በየሳምንቱ ዓርብ ያስተካክላሉ፣ ያለ ክራቫት ወጥ ቤት እንኳ አይገቡም። በዚያ ሰሞን የነቢያት ጾም ሳይገባ አዲስ አበባ ያለች ልጃቸውን ቤዛን ሊድሩ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ለድግሱ ቀድመው ሄደዋል፤ እሳቸው ሊከተሉ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል።

«ፎቶግራፍማ ማንም አንስቶ ይሰጣታል» አሉኝ አንድ ቀን፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደምሠራ ሲሰሙ። «በእጅ የተሳለ መልኬን ባስይዛት ግን፣ ካለፍኩም በኋላ ሳሎኗ ውስጥ አለሁ ማለት ነው።»

ለንጄሪ ነገርኳት። ከአበባው ሥር ሰው ቢቀመጥ ሥዕሉ ነፍስ ይዘራል ብላ ተቀበለች።

በቅዳሜው ማለዳ ሁርሊንግሃም ሄጄ ወሰድኳቸው። በሠፈሩ ስቲማ፣ መብራት ማለቴ ነው፣ ጠፍቶ ስለነበር በጨለማ ታጥበው፣ በጨለማ ለብሰው ነው የወጡት። ኬንያ ውስጥ መሪው በቀኝ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ጋሽ መኮንን በግራዬ ተቀመጡ፤ መንገዱን ሁሉ ያየሁት ቀኝ ጉንጫቸውን ነው። በቀኝ ጉንጫቸው ላይ አንዳች እንከን አልነበረም። ንግግራቸው ትንሽ ተወለካከፈብኝ፤ ከእንቅልፍ መነሳታቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ክራቫታቸው ላይ ሻይ ፈሶ ነበር። «የዛሬው ብርጭቆ ምን እንደነካው እንጃ፣ ያንጠባጥባል» አሉኝ።

ጃካራንዳው ሥር ወንበር ተደረገላቸው። እግራቸውን አነባብረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ አገረ ገዥ መስለው ተቀመጡ። እኛ በግማሽ ክብ ከበብናቸው። ሰዓቱ በጸጥታ ነጎደ። የመናፈሻው ጦጣዎች እንኳ በዚያ ቀን ምሳችንን ሊሰርቁ አልመጡም። ፊታቸውን ከፊት ለፊት ያየሁት ያኔ ነው፤ እርሳሴ ደግሞ አልታዘዝ አለኝ። አፋቸው በአንድ በኩል ወረድ እያለ ይመጣብኛል። አጠፋሁት። ደግሞ ወረደ። የጋሽ መኮንንን አፍ እኔ አውቀዋለሁ፤ ቀጥ ያለ አፍ ነው። የማየውን ትቼ የማውቀውን ሳልኩት። ቆንጆ ሆነ።

ሲያበቃ እንደ ልማዳችን ሥዕሎቹን ሣሩ ላይ ደርድረን ነፋስ እንዳይወስዳቸው ጠጠር ጫንንባቸው። ጋሽ መኮንን ክራቫታቸውን አስተካክለው መጡ። የመጀመሪያውን አዩ። ሁለተኛውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው በተራ ቀጠሉ። ባዩት ሁሉ ላይ የግራ ዓይናቸው ፈጧል፣ የግራ ቅንድባቸው ወርዷል፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተስቧል።

«ዳንኤል» አሉኝ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እነዚህን ሰዎች ምን በድያቸዋለሁ?»

«ምንም አልበደሏቸውም ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ያፌዙብኛል? ለልጄ ሠርግ መሆኑን አልነገርካቸውም?» መጨረሻ ላይ የእኔን አገኙት። ፊታቸው በራ፤ በከፊል። «ይኸው። እኔ ማለት ይኼ ነኝ። የአገር ልጅ ያው የአገር ልጅ ነው።»

ንጄሪ የእኔን ሥዕል አየች። የሌሎቹን አየች። ከዚያ ሥዕሎቹን ትታ ሰውየውን ማየት ጀመረች።

«ሚስተር መኮንን፣ እስኪ ይሳቁልኝ» አለቻቸው።

«ምን የሚያስቅ ነገር አይቼ?»

«እባክዎ። ትንሽ ብቻ።»

ለጨዋነት ያህል ሳቁላት። የቀኙ ሳቀ። ግራው እንደ ተዘጋ ሱቅ ጭልም እንዳለ ቀረ። ዓይንዎን ይጨፍኑ አለቻቸው፤ የቀኙ ተጨፈነ፣ የግራው ቁልጭ ብሎ እኛን ያያል። እንግሊዛዊቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ንጄሪ ክንዳቸውን ያዝ አደረገችና በዝግታ፣ «ሥዕሉ አይደለም የተጣመመው» አለቻቸው።

ጋሽ መኮንን እንግሊዝኛ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ግን ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች?»

በሥራዬ ዘመን ሁሉ እንደዚያ ዓረፍተ ነገር የከበደኝ የለም። «ሥዕሎቹ ደህና ናቸው ጋሼ» አልኳቸው። «ሐኪም ዘንድ እንሂድ።»

እዚያው ፓርክላንድስ ያለ ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ እኔ የፈራሁትን ስትሮክ እሳቸውም እንደፈሩት አውቃለሁ፤ የግራ እጃቸውን ደጋግመው ይጨብጣሉ፣ ይዘረጋሉ። እጁ ይታዘዛል። ከዚያ ውጪ የተናገሩት አንድ ቃል ነው። «ሠርጉ» አሉ።

ዶክተሯ ወጣት ነበረች። ግንባርዎን ይሸብሽቡ፣ ጉንጭዎን ይንፉ፣ እጅዎን ያንሱ፣ ይራመዱ አለቻቸው፤ ረዥም ምርመራ አደረገች። በመጨረሻ ይህ አንጎል ውስጥ የሚደርሰው አደጋ አይደለም፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ነው ያበጠው፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል አለች። ክኒን ሰጠቻቸው። ዓይኑ ስለማይጨፈን ጠብታ ይደረግበታል፣ ሲተኙ ደግሞ በፕላስተር ይዘጋል።

«በሁለት ሳምንት ይቃናል?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ላይደርስ ይችላል። ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያም በላይ።»

ምግብ ቤቱ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። አስተናጋጇ ጽጌ ዓይኗ ቀልቶ ጠበቀችን። «ጠዋት ሻይ ሳቀርብልዎት አይቼ ነበር» አለች። «ግን እንዴት ብዬ ልንገርዎት?» አንድ ደንበኛ፣ ጋሽ መኮንን ያኮረፉት መስሎት ቁርሱን ሳይጨርስ መውጣቱን ተናገረ። ሌላው ደግሞ ጠዋት እዚያው በር ላይ «ዛሬማ አምሮብዎታል» ብሏቸው ነበር፤ እሱ ሹልክ ብሎ ጓዳ ገባ። ከዚያ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዱ ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሽ አለ። አንዱ ብርድ ነው አለና በእኔ መኪና መስኮት አሳበበ። አንዲት ሴት ዓይን ነው፣ መልክ ያለው ሰው መቼ ይተዉታል አለች። ጋሽ መኮንን ከቀረቡላቸው ምክንያቶች ሁሉ ይሄኛውን እንደወደዱት ከቀኝ ጉንጫቸው ታውቆኛል።

ግን ሠርጉን አልሄድም አሉ። በዚህ ፊት ልጄን ድሬ የወንዱን ወገን አላሳቅም አሉ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆኑ፤ ደንበኛ ፊትም አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሄጄ እዚያው እያለሁ ከቤዛ ስልክ ተደወለ። እሷ የምትለውን አልሰማሁም፤ ስልኩን እስኪዘጉ ጠበቅሁ።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

«‹ተጣምመህም ና› አለችኝ። ለአባቷ እንዲህ ይባላል?» ካሉ በኋላ ተነሥተው ክራቫታቸውን አሰሩ። «ያቺ ሴትዮ የሳለችኝን ሥዕል ታመጣልኛለህ? የንጄሪን። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለ፣ ቀድሞኝ ይድረስ። ድንገት አይተው ከሚደነግጡ አስቀድመው ይልመዱኝ።» የእኔ ቆንጆ ሥዕል ቢሯቸው መሳቢያ ውስጥ ቀረች። እስከ ዛሬ ስለ እሷ አንስተን አናውቅም።

ሄዱ፣ ዳሩ፣ ተመለሱ። ፊታቸው ገና አልተቃናም ነበር፤ የተቃናው ከገና በኋላ ነው። በተመለሱ ማግሥት አብረን ምሳ ስንበላ ጠየቅኳቸው።

«ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል» አሉኝ። «ዘመድ ሁሉ በሥዕሉ ሥር ተቀምጦ እኔን ‹ምነው ወጣት ሆንክሳ› ይለኛል። ፊቴን ምን እንደነካው የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሙሽራው አባት። ገና ሰላም ሳይለኝ ‹ምን ሆነው ነው?› አለኝ። ነርቭ ነው አልኩት። ‹ያማል?› አለኝ። አያምም አልኩት። ‹እንግዲያው ይማርዎ› ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ያኔ ልጄ ደህና ቤት መግባቷን አወቅሁ።»

ጎረሱ። በጥንቃቄ፣ በቀኝ በኩል።

«ቀኑን ሙሉ የግራ ዓይኔ ሲፈስ ዋለ» አሉ። «አይዘጋማ፣ ምን ላድርግ። ሰው ሁሉ መሐረብ ያቀብለኛል። ‹ይኸው የአባት ነገር› እያሉ አብረውኝ ያለቀሱ ሴቶች ነበሩ። እኔ እያለቀስኩ አልነበረም። ሕመሙ ነው።»

በመሐረባቸው የግራ ዓይናቸውን ጠረጉ። 

«ኋላ ልጄ መኪናው ውስጥ ገብታ በሩ ሲዘጋ ግን ቀኙም ፈሰሰ። እሱን ማንም አላየውም፤ ሰው ሁሉ በግራ በኩል ነበር የቆመው።»