ዳንቴል የለበሰው ፕሮሰሰር

ፍርሃትን የሚያወድስ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከፈሪዎች ወገን ነኝ፤ እዚህ ያደረሰኝም እሱ ይመስለኛል። መብራት ብልጭ ካለ ሶኬት እነቅላለሁ። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩን «ቀስ በል» የምለው ገና ሳይነሳ ነው። የፈሪ ሰው ትልቁ ችግር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሁሉን ስለሚፈራ፣ ከፈራው አንዱ ሲደርስ እንኳ «ነግሮን ነበር» የሚለው የለም።

ሌላው ሰው የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዘግየትን። ከተማችንን ቆቦን ባጃጅ ባጥለቀለቀበት ሰሞን «ቶሎ» የማይል አፍ አልነበረም። ቶሎ ተብሎ የት እንደሚደረስ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

ልጄ መዲና ከአረብ አገር ተመልሳ አስፋልቱ ዳር፣ ከወረዳው መሥሪያ ቤት አጠገብ፣ ማመልከቻ መጻፊያ ሱቅ የከፈተችው ያኔ ነው። ዓመታት የሰው ወለል ስትወለውል፣ የሰው ልጅ ስታዝል ኖራ፣ ባጠራቀመችው ከደሴ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛች። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው ዕለት «አባ፣ ከእንግዲህ የሰው ቤት አልገባም» አለችኝ። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ ብዬ ወጣሁ፤ ቆቦ ላይ ይህን ሰበብ የሚጠራጠር የለም።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነበር። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የሚያስብለት ክፍሉ፣ ሦስት መቶ ሜጋኸርዝ ነው አሉኝ። ትርጉሙን ስጠይቅ በሰከንድ ሦስት መቶ ሚሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው ተባልኩ። ይህን ስሰማ የእኔ ልብ መምታት ያቆመ መሰለኝ። እንዲህ የሚመታ ነገር «ዘገምተኛ» ተብሎ ሲሰደብ የሰማሁት ግን ወዲያው ነው፤ ከመንገዱ ማዶ አዲስ ኮምፒውተር ያለው ሱቅ ተከፍቶ ደንበኛው መሻገር ጀመረ።

ልብ በሉ፤ ፊደሉን የሚመታው የመዲና ጣት ነው፤ ጣቷ ደግሞ ከማዶዎቹ ይፈጥናል። ኮምፒውተሩ የሚያስጠብቀው ሲከፈትና ሲያትም ብቻ ነበር። ተጣድፎ የወጣው ማመልከቻም ወረዳው ገብቶ፣ ኃላፊው ከስብሰባ እስኪመለስ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። መሳቢያውን ቶሎ በል የሚለው የለም።

የእህቴ ልጅ ሰይድ ወልድያ ኮምፒውተር ተምሮ መጥቶ ነበር። «ኦቨርክሎክ አድርጌ አስሮጥላታለሁ» አለ። ፕሮሰሰሩን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ማለት ነው። ክዳኑን ከፈተ፤ ከጥፍር የምታንስ የፕላስቲክ ቆብ ከአንዱ መርፌ ነቅሎ ሌላው ላይ ሰካ፤ ቮልቴጁንም ከፍ አደረገለት። ሦስት መቶው አራት መቶ ሃምሳ ሆነ።

«ፋብሪካው አራት መቶ ሃምሳ ማለት ጠፍቶት ነው ሦስት መቶ ያለው?» አልኩት።

«አጎቴ፣ ፋብሪካም እንዳንተ ፈሪ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከፋብሪካ ጋር ስመደብ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰይድ አንድ ነገር አጥብቆ ተናገረ። አሁን ይሞቃልና ክዳኑ ክፍት ይሁን፤ ምንም ነገር አታልብሱት።

እውነትም ፈጠነ። ደንበኛው መንገዱን መልሶ ተሻገረ፤ መዲናም ምሳ ሰዓት ላይ እያንጎራጎረች ትገባ ጀመር።

ከዚያ ግንቦት መጣ። የቆቦ ግንቦት ጥላ ሥር የተቀመጠን ሰው እንኳ ያቀልጣል። ባለቤቴ ፋጡማ ሱቁን ልትጎበኝ ሄዳ ክዳኑ የተከፈተውን ኮምፒውተር ስታይ ደነገጠች።

«ሆዱን ከፍታችሁ ለመንገደኛ ታሳያላችሁ? ምነው፣ ባለቤት የለውም?»

«እማ፣ አይሸፈንም ብሏል ሰይድ።»

«ሰይድ ምን ያውቃል! የተኛበትን አልጋ አያነጥፍ!»

እኛ ዘንድ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም ዳንቴል ለብሶ ነው የሚቀመጥ። ፋጡማም በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አምጥታ አለበሰችው። ዳንቴል ቀዳዳ አለውና አቧራ እንዳያሳልፍ ከሥሩ ላስቲክ አደረገችበት። መዲና የእናቷን እጅ ማሳፈር ከበዳት፤ እንደለበሰ ተወችው። ያምርም ነበር።

በማግስቱ የጎብዬው ገበሬ አያ ንጉሤ ለመሬት ክርክሩ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ እላይዋ ላይ ቆመ።

«ቶሎ በይ እንጂ መዲናዬ! ኃላፊው ሊወጣ ነው!»

«እየሮጠ ነው እኮ፣ አያ ንጉሤ።»

«ታዲያ እኔን ለምን ገተረኝ?»

ስክሪኑ ቀጥ አለ። ቀጥሎ ጠቆረ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ መዲና ዳንቴሉን ስትገልጠው ወላፈን ፊቷን መታት። አያ ንጉሤ ወደ ማዶ ተሻገረ።

ሰይድ መጥቶ ፈታታው። ፕሮሰሰሩ ብቻ ሳይሆን የተሰካበት ቦርድም ተቃጥሏል። «ማነው የሸፈነው?» ብሎ ጮኸ። መዲና ከመንገዱ ማዶ የቆመች እናቷን አየቻት። «እኔ ነኝ» አለችው መዲና ራሷ። ፋጡማ ዳንቴሉ ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ የሚነግራትም አልተገኘም። ደሴ ድረስ ምትኩን ብናፈላልግ «ይሄ ዓይነቱ ቀርቷል» ብለው ሳቁብን። ሬሳውን ወደ ቤት አመጣነው። ፋጡማ ዳንቴሉን አጥባ መልሳ አለበሰችው፤ እንግዳ ሲመጣ «እንዴት ያምራል!» ይላል።

መዲናም አንድ ቀን ከማዶው ሱቅ ገብታ ተራ ያዘች። ያ ፈጣን ጣቷ ሥራ ፈትቶ፣ ሌላ ሰው ማመልከቻ ጻፈላት፤ ለፓስፖርት ማሳደሻ የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤ እንዲሰጧት። ወረዳው ይህንን መሳቢያ አላስገባውም። ኃላፊውም ያን ቀን ስብሰባ አልነበረበትም። ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶ ወጣ።

ከመናኸሪያ ሸኝቻት ስመለስ አያ ንጉሤ ከወረዳው ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«አሁንም?» አልኩት።

«ነገ ና አሉኝ። መዲናስ ደህና ናት?»

ተመልሳ አረብ አገር መሄዷን ነገርኩት። ዱላውን አገጩ ሥር አስደገፈ።

«ታድላ፣ አያ እንድሪስ» አለኝ። «የሷስ ጉዳይ ቶሎ አለቀላት።»