ሳማና ሳሙና

በሃያ ዓመቴ እጄን ሆን ብዬ በሳማ ፈትጌ አሳብጬዋለሁ። ያበጠው የኔ እጅ ነበር፤ የተጎዳችው ግን ሌላ ሴት ናት። ይህን ለመናገር ሃያ ምናምን ዓመት ፈጀብኝ። አሁንም ዙሪያውን እየዞርኩ ነው የምመጣበትና ታገሡኝ።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ በአገራችን እጁ ላይ ችፍ ያለበት ሰው ሐኪም አያጣም። ያየው ሁሉ ሐኪሙ ነው። አንዱ ምች መታህ ይላል፣ አንዷ የሰው ዓይን ነው ትላለች፣ ሦስተኛው ምንም ሳይል ፈንጠር ብሎ ይቀመጣል። ቁንጫ ነክሶኝ ነው፣ አባጨጓሬ ነክቼ ነው፣ አዲሱ ብርድ ልብስ አሳክኮኝ ነው ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ቀላል ምክንያት ደስ አይለንም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በነበረበት ዘመን እኛ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር እንኖር ነበር። አንድ ጠዋት ጭቃ ሹሙ ለወታደሮቹ ልብስ የምታጥብ ሴት ሊወስድ ወደ እኛ ቤት እየመጣ መሆኑን ሰማሁ። ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ከአጥሩ ሥር ሳማ ሞልቷል፤ ሁለቱን እጆቼን እስከ ክንዴ ፈተግኩበት። ጭቃ ሹሙ ሲደርስ እጄ ጉብጉብ ብሎ፣ ቀልቶ፣ የኔ አይመስልም ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እንጃ ጌታዬ፣ ሲያሳክከኝ ነው ያደረው።»

ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ይቺን ብወስድ ጣሊያኑ መጀመሪያ የሚያባርረው እኔን ነው» አለና አጥሩን ዞሮ ጎረቤቴን ትሁኔን ይዞ ሄደ።

ትሁኔ እኩያዬ ናት። ባሏ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቷል፤ የጠላትን ልብስ ማጠብ ለሷ ምን እንደነበር እናንተው ገምቱት። የኔ እጅ በማግሥቱ እንዳልነበረ ሆነ።

የሷ በወሩ ጀመረ። በእንዶድ ማጠብ የለመደ እጅ በዚያ በሚያቃጥል ሳሙና ውስጥ ሲነከር እየዋለ መጀመሪያ ችፍ አለ፣ ቀጥሎ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያ ተሰነጣጠቀ። «ሳሙናው ውስጥ ሳገባው ያንገበግበኛል» አለችኝ፤ «ሥራ በሌለ ጊዜ፣ እሑድ እሑድ፣ ይተወኛል።» እሑድ የሚያርፍ በሽታ ሰምቼ አላውቅም። ሳሙናው መሆኑ ያኔውኑ ገባኝ።

የማርያም ማኅበር ዕለት ሴቶቹ የትሁኔን እጅ አዩና የራሳቸውን ከመሶቡ ሰበሰቡ። ቁምጥና ነው አለች አንዷ። የጣሊያን በሽታ ነው አለች ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ የቅኔ መምህር ስለነበሩ ከመንደሩ ሴቶች ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ምንድን ነው?»

ሳሙና ነው ብል፣ ሳሙና ሳትነኪ ያን ጠዋት ያበጠው ያንቺስ ምን ነበር የሚል ጥያቄ ይከተላል። ነገሩም ጭቃ ሹሙ ጆሮ ይደርሳል። ትሁኔ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«እንጃ» አልኩ። «ብቻ መጠንቀቅ አይከፋም።»

ተጠነቀቁ። ጠላት እስኪወጣ ድረስ ትሁኔ ድርሻዋን በኮባ ቅጠል እየተቀበለች በሩ ሥር ለብቻዋ በላች። እኔ ከመሶቡ ዙሪያ፣ ጤነኛ እጄን እያየሁ በላሁ።

ጣሊያኑም ሳሙናውም ሄዱ፤ ባሏም በሰላም ገባ። እጇ በሦስት ሳምንት ጠራ። ሴቶቹ የተጠመቀችው ጸበል ነው አሉ። እኔም አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ማኅበር አጠገቤ ተቀመጠችና በዚያው እጇ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላም «ያ የጓሮሽ ሳማ ደህና ነው?» አለችኝ።

እንዳልመልስ አፌን ሞልታዋለች።

ለካ ያን ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ አይታኝ ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ በሩ ሥር ስትበላ እያወቀች ለአንድ ሰው አልተነፈሰችም። በኋላ ቤቷ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሣችኝና «ሳማውን እኔም ቀድሜ ባስበው ኖሮ አደርገው ነበር» አለች። «እሱን ይቅር ብዬሻለሁ። መጠንቀቅ አይከፋም ስላልሽው ግን፣ የተማረች ናት ብለው ያመኑሽን ይቅርታ ጠይቂ።»

ከነዚያ ሴቶች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚለውን የሚያምኑ ግን አሁንም አሉ፤ እስከዚህ ድረስ ያነበባችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ይቅር በሉኝ።