የባንኮኒው መልማይ

ለመሆኑ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ረግጦ ሳያውቅ ተጫዋች የሚመለምል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በደርግ ዘመን ፒያሳ፣ ኬክ ቤት ውስጥ አግኝቻለሁ። ጋሽ ታፈሰ ይባላሉ። ባንኮኒውን ተደግፈው ማኪያቷቸውን እየጠጡ፣ በመስኮት የሚያዩትን ጎረምሳ ሁሉ ለብሔራዊ ቡድን ያጩታል። ኳስ ሲጫወት ማየት አያስፈልጋቸውም፤ የእናቱን ቁመትና የጫማውን ስፋት ካወቁ ይበቃቸዋል። ቢሳሳቱስ ማን ይጠይቃቸዋል?

ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ዳዊት ኬክ ሊገዛ ገባ። ገና አስራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በሩን ሲያልፍ ግን ጎንበስ ይላል።

«ይሄን ትከሻ እዩልኝ፤ ሙሉ ሰው እኮ ነው» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

አጠገባቸው ሻይ የሚጠጡት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቀና አሉ። «ዕድሜው ስንት ነው?»

ጋሽ ታፈሰ ደነገጡ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርዳቸውን ለወጡ። «ገና ልጅ ነው ጓድ። ጉልበቱም በሽተኛ ነው፤ መሮጥ እንኳ አይችልም።»

ዳዊት የሰፈሩ አንደኛ ተጫዋች ነውና ደሙ ፈላ። «እኔ ነኝ መሮጥ የማልችለው?» አለና ዘሎ ከጣራው የተንጠለጠለውን አምፖል በጣቱ ነካ።

ሊቀመንበሩ ሻያቸውን ጨለጡና «ጤነኛ ነው» አሉ።

ዳዊት ወደ ማሠልጠኛ ከተወሰደ ወዲህ ጋሽ ታፈሰ ማኪያቷቸውን የሚጠጡት ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ነው።