በደመና ላይ ለቅሶ ቤት የለም

የዛሬ ጊዜ ስልክ የማያውቀው ርቀት የለም። የፈለጋችሁትን ሁለት ከተማ ንገሩት፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሳትገልጡ ኪሎ ሜትሩንም የበረራውን ሰዓትም ይዘረግፍላችኋል። እኔም በዚህ እውቀት ነው አጎቴን ጉድ የሠራኋቸው።

አጎቴ ጋሼ ተሰማ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ገብስ አርሰው፣ በግ አርብተው የሚኖሩ የመንዝ ሰው ናቸው። አንድዬ ልጃቸው እመቤት ቻይና፣ ጓንግዙ የምትባል ከተማ ለትምህርት ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። ልትመጣ ነው ሲባል እንቅልፍ አጡ። ከአውሮፕላን ወርዳ መጀመሪያ የምታየው የእኔን ፊት ነው ብለው ማሉ።

ስንት ቀን ትጓዛለች ቢሉኝ ስልኬን ከፍቼ፣ ከጓንግዙ አዲስ አበባ አሥር ሰዓት ያህል ነው አልኳቸው። ሳቁብኝ። ጓሳ ደርሶ ሣር አጭዶ መመለስ እንኳ ቀኑን ሙሉ ይበላል! በኋላ ሲያምኑኝ ግን ሌላ ስሌት አመጡ፤ እሷ ከዓለም ጫፍ በአሥር ሰዓት ከመጣች፣ እኛ ከዚህችው ከመንዝ በዋዜማው ብንነሣ አውሮፕላኑን ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን አሉ። እውነትዎን ነው አልኩ። ካርታ ያየ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚታለለው።

በዋዜማው በሚኒባስ ተነሣን። ሞላሌ ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም፣ ጋሼ ወርደው አንድ የሚያውቁትን ሰው ሰላም አሉ። ያ ሰላምታ ነው የፈጀን። የሩቅ ዘመዳቸው አያ ሽፈራው ሰሞኑን ማረፋቸውን ሰሙ፤ ቤቱ ከመንገዱ አጠገብ ነው፣ ድንኳኑም ይታያል። ልጅቷስ? አልኳቸው። ልባቸው አዲስ አበባ ነው፣ እግራቸው ግን ወደ ድንኳኑ ዞሯል።

«ቀብሩ አምልጦኝ፣ ድንኳኑን እያየሁ በደጁ ልለፍ?» አሉ። «አውሮፕላን የሚፈጥነው እኮ በደመና ላይ ለቅሶ ቤት ስለሌለ ነው።»

ለቅሶ ቤት መግባቱ ቀላል ነው፤ መውጣቱን ሞክሩት። አልቅሳችሁ ስታበቁ ተቀመጡ ነው፣ ንፍሮ ቅመሱ ነው፣ ደግሞ ሌላ ለቀስተኛ ሲመጣ አብሮ መነሣት ነው። ሚኒባሱ ጥሎን ሄደ፤ መብራት ጠፍቶ ስልካችን ሞተ፤ እዚያው አደርን። በማግስቱ ልንሰናበት ስንል የሩቅ አገር ለቀስተኞች ደረሱና፣ በለቅሶ መሐል ጥሎ መሄድ ነውር ሆነ። ጋሼ ጥግ ላይ ኩርምት ብለው፣ ይኼኔ አርፋለች፣ ይኼኔ እኔን ፍለጋ ዙሪያዋን ትቃኛለች እያሉ ሲቆዝሙ አንጀቴን በሉት።

ከቀትር በኋላ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አንዲት ወጣት «ወይኔ አያ ሽፈራው» እያለች ገባች። እመቤት ናት! ደውላ ስታጣን መኪና ተኮናትራ ወደ መንዝ ስትገሠግሥ፣ ሞላሌ ላይ መርዶውን ሰምታ፣ በደጁ አልፌ አባባን በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብላ ወርዳለች።

አባትና ልጅ ተያዩ። ለቅሶ ቤት እልል አይባል፣ አይሳቅ። ምን ያድርጉ? ተቃቅፈው አለቀሱ። ስድስት ዓመቱን ሁሉ አለቀሱት። ድንኳኑ በሙሉ አብሯቸው ተነፋረቀ፤ የሟቹ ሚስት እንኳ፣ ባሌ እንዲህ የሚወደው ዘመድ እንዳለው አላወቅሁም ብለው እንደ አዲስ ዕንባቸውን ጠረጉ።

ጋሼ በልጃቸው ጆሮ ሲያንሾካሹኩ ግን አጠገባቸው ነበርኩና ሰማሁ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ። አንገትሽን ደፋ አድርጊ፤ ፈገግታሽ እየታየ ነው።»