አንቀጽ ሦስትና ሰባቱ መቀሶች

የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽንን ለማከምና ለመከላከል የተቋቋመው የሰባት አገሮች የምርምር ጥምረት ለሰው ልጅ ሳንባ ያበረከተው አስተዋጽኦ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። እስካሁንም አልተነገረም። ጥምረቱ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጉባኤ አካሂዷል፤ አርባ ሦስት የአቋም መግለጫ አውጥቷል። ዓርማው ላይ ያለው ሳንባ ወደ ቀኝ ያዘንብል ወይስ ቀጥ ይበል በሚለው ጥያቄም ላይ ከአራት ዓመት ጥልቅ ውይይት በኋላ ቀጥ እንዲል ተስማምቷል።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ግን ያልተጠበቀ ነገር ተከሰተ፤ ጥምረቱ የሚጠቅም ነገር ላከ። ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራ ማሽን፣ ለየአገሩ አንድ። ሰባተኛውና የመጨረሻው በትልቅ ካርቶን ታሽጎ፣ ከላይ በሰማያዊ ሪባን ታስሮ አንድ ሆስፒታል ደረሰ። አብሮት የመጣው መመሪያ አንቀጽ ሦስት እንዲህ ይላል፦ «የሰባቱ አገሮች ተወካዮች ሪባኑን በሰባት መቀስ በአንድ ጊዜ ቆርጠው እስኪመርቁት ድረስ መሣሪያው አገልግሎት አይሰጥም።» ተወካዮቹ የሚመጡት ከአራት ወር በኋላ ነበር። ስለዚህ ካርቶኑ ከሕፃናት ክፍል በር ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ፣ ኮሪደሩ ላይ በክብር ተቀመጠ።

የሕፃናት ክፍሉ አሥራ ስምንት አልጋና አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር አለው። ጉባኤው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አሥራ ሁለተኛው አልጋ ላይ የሳንባ ምች የያዘው የሦስት ዓመት ልጅ በደቂቃ ስልሳ ስምንት ጊዜ ይተነፍስ ጀመር፤ ሲሊንደሩ ደግሞ በሌላ ልጅ ተይዟል። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ወደ ሆስፒታሉ ዳይሬክተር ቢሮ ገባች። ዳይሬክተሩ የጥምረቱም የዘንድሮ ሊቀ መንበር ነው።

«ዶክተር፣ ካርቶኑን ልክፈተው።»

«የቱን ካርቶን?»

«በየቀኑ ዞረው የሚያልፉትን።»

«እሱማ ካርቶን አይደለም፤ የትብብር ምልክት ነው!»

«ልጁ በምልክት አይተነፍስም።»

«ሦስት ሳምንት ምን አላት? ታገስ በይው።»

«የሦስት ዓመት ልጅ?»

«እንግዲያው ለእናቱ ንገሪያት።»

ሲስተር «እሺ ዶክተር» ብላ ወጣች። ዳይሬክተሩ ደስ አለው። ሴትዮዋ በአሥራ ስድስት ዓመት አገልግሎቷ አንድም ቀን እሺ ብላ እንደማታውቅ ቢያስታውስ ኖሮ ትንሽ ይጠረጥር ነበር።

የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ ሠራተኛው «አይነካም» የሚለው ጠንቃቃ ሰው፣ በየጠዋቱ ካርቶኑን በትከሻው ገፋ አድርጎ ክብደቱን ይለካል፤ ጎንበስ ብሎ የሪባኑን ቋጠሮ ያያል፤ ከዚያም «አልተነካም» ብሎ ይፈርማል።

ጉባኤው «ንጹሕ አየር ለሁሉም» በሚል መሪ ቃል በሆስፒታሉ አዳራሽ ተከፈተ። መስኮቶቹ ግን ተዘጉ፤ የመንገዱ ጡሩምባ አስተርጓሚዎቹን እንዳይረብሽ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ሳል ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍ ሲያስረዳ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሳለ። አስተርጓሚዋ ሳሉን ሳታስቀር በታማኝነት ተረጎመችው። በመጀመሪያው ሰዓት አራት ሰው፣ በሦስተኛው አሥራ ዘጠኝ ሰው ሳለ። በማግስቱ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የማይስል አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም ተኝቶ ነበር።

አስም ያለበት ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ «ትብብራችን...» አለና ቆመ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። ታዳሚው ለንግግር ማሳመሪያ ዝም ያለ መስሎት አጨበጨበለት። ወደ አዋቂዎች ክፍል ይዘውት ሲሮጡ፣ ሲሊንደሮቹ በሁለት ተወካዮችና በአስተርጓሚዋ ተይዘዋል። የቀረው የሕፃናት ክፍል ብቻ ነበር።

«ክ... ክፈቱት!» አለ ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ።

«ምኑን?» አለ በአንድ ብብቱ በኩል የደገፈው አይነካም።

«ካርቶኑን!»

«ዶክተር፣ አንቀጽ ሦስት ሰባት መቀስ ይላል።»

«አንተ... አንተ...» አለ ዳይሬክተሩ። ለስድብ የሚበቃ አየር አልነበረውም።

«ካርቶኑን ተዉትና ዶክተሩን ወደዚህ አምጡት» አለች ሲስተር። አሥራ ሦስተኛው አልጋ ላይ አስተኛችው፤ አልጋው የሕፃን ስለሆነ እግሩ ከጉልበቱ በታች ውጭ ቀረ። አፍንጫው ላይ ቀጭን ቱቦ አደረገችለት። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ በሁለቱ አልጋዎች መሃል ጉርር ከሚል ማሽን ጋር ተገናኝቷል። ከዚያው ማሽን አየሩን የሚጋራው የሦስት ዓመቱ ልጅ ቁጭ ብሎ አየውና፣

«ጋሼ፣ ቱቦውን እንዳታወጣው። ትቆጣለች» አለው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የዳይሬክተሩ ከንፈር ቀላ። የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሹን ለምርመራ አዋለው።

«ይሄ ማሽን ከየት መጣ?»

«ከኮሪደሩ።»

«ሪባኑስ?»

«ሪባኑ ያለው ከላይ ነው። እኔ የከፈትኩት ከታች ነው።»

«ክብደቱስ?» ብሎ ጮኸ አይነካም። «በየቀኑ በትከሻዬ እየገፋሁት!»

«የጥምረቱን ዓመታዊ ሪፖርቶች ሞላሁበት። ከመጋዘንህ ስወስዳቸው አላወቅክም፤ ለነገሩ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው የለም። እንዲያውም ከማሽኑ ሁለት ኪሎ ይበልጣሉ።»

በማግስቱ ምረቃው በታላቅ ድምቀት ተከናወነ። ሰባት ተወካዮች እየሳሉ፣ ሪባኑ ላይ ሰባት መቀስ በአንድ ጊዜ አሳረፉ። ዳይሬክተሩ ካርቶኑ «ለንጽሕናው ሲባል» እንደታሸገ እንዲቆይ ካዘዘ በኋላ ስለ ማሽኑ ሕይወት አዳኝነት አርባ ደቂቃ ተናገረ። ለትንፋሽ አንዴም አላቆመም።

ሰዉ ሲበተን ከተወካዮቹ ሁሉ በዕድሜ የገፉት፣ ሽበታሟ የሳንባ ሐኪም ወደ ኋላ ቀሩ። የግራ እጃቸውን ጣት ካርቶኑ ጎን ላይ አስተኝተው፣ በሽተኛ ደረት እንደሚመረመረው በቀኝ ጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ ጆሯቸውንም አዘነበሉ።

«ወረቀት ነው» አሉ።

ሲስተር ከሥራ መባረሯን በልቧ ተቀብላ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለች።

«ልጄ፣ እስከ ዛሬ ስድስት ካርቶን መርቄያለሁ፤ ሁሉንም እንዲህ መትቼ አይቻቸዋለሁ። አንዱ ጡብ ነው፤ አንዱ አሮጌ ፍራሽ፤ ሦስቱ ወረቀት።»

«ስድስተኛውስ?»

ሐኪሟ ጣታቸውን ከካርቶኑ ላይ አነሱ።

«እሱ ውስጥ ማሽኑ እንደታሸገ ነበረ» አሉ። «ያፈርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።»