የወገዳው ጋዜጣ ማረሚያ

የጋዜጣ አዘጋጅ ታውቃላችሁ? እኔ በደርግ ጊዜ ወገዳ ላይ አንድ አውቅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ ጎረቤቶቼ ናቸው። ጋዜጣው አንዲት ወረቀት ነበረች፤ በእጁ ይጽፍና በዱቄት ሙጫ የገበሬ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ ይለጥፋታል። ዱቄቱን የሚያዋጣው ማን ይመስላችኋል? እኛው ነን።

ገብሴን በረዶ በመታው ዓመት መጣ። “እትዬ፣ አንድ እፍኝ ዱቄት!” አለኝ። የመጨረሻዋን ጠርጌ ሰጠሁት። ምን እንደሚለጥፍባት አልጠየቅሁም፤ ቢለጠፍም ማንበብ አልችልም ነበር።

በሳምንቱ ለእርዳታ ዘር ልመዘገብ ሄድሁ። ሊቀ መንበሩ ግድግዳውን አሳየኝ።

“ጋዜጣው ምርትሽ ከጎተራ ተርፏል ይላል። ዘር ምን ያደርግልሻል?” ብሎ ስሜን ሰረዘው።

ወደ አዘጋጁ ሮጥሁ። “ምነው ጓድ፣ ማሳዬን አላየህም?”

“አይቻለሁ። ግን ከአውራጃ እንግዳ እየመጣ ስለ በረዶ ይጻፋል?”

“እንግዲያስ አርመው!”

“አርማለሁ፣ እትዬ። መለጠፊያ ዱቄት ያምጡልኝ።”

ከየት አባቴ ላምጣ? መሬቴ ጦሙን አደረ። እሱ ተሾመና ደብረ ታቦር ገባ። እኔ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጠርሁ። ማረሚያውን ይኸው ራሴ ጻፍሁት፦ ያን ዓመት ገብሴን በረዶ መትቶታል።