ሁለት ጣት ያነሰው ምንጣፍ

ጓዶች፣ ማን ያምነኛል? ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ የመጡትን እንግዳ በመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ በር ላይ የጣልኳቸው እኔ ነኝ።

በእጄ አልነካኋቸውም። በመቀስ ነው፤ እሱም ትናንት።

ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ መናገር እንደማልችል ታውቃላችሁ። ስለዚህ ግለ ሂሴን እዚሁ የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለጥፌዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳራሹ አዲስ ምንጣፍ ሲነጠፍለት ልኬቱ ለእኔ ተሰጠ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ተብዬ። አናጢው አባ ቢያ ናቸው፤ ከጅማ፣ ከጊንጆ ወደዚህ ወደ ሊሙ ገነት መጥተው ስድስት ዓመት በቀን ሠራተኝነት ያገለገሉን።

«ልጄ፣ በየጎኑ ሁለት ጣት አትርፊ» አሉኝ። «ትርፉ በግድግዳው ግርጌ ካለው ዞኮሎ ሥር ይገባል። በበሩ በኩል፣ ከጣውላው ወለል ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጠርዝ መያዣው ብረት ይነክሰዋል።»

«አባ ቢያ፣ ይሄ እኮ የሕዝብ ንብረት ነው። በአራት ጎን ሁለት ሁለት ጣት ሲባክን ስንት እንደሚሆን አስበውታል?»

መቀሱን አቀበሉኝ። እኔም ደጋግሜ ለካሁና ልክ በልክ ቆረጥኩት። አንዲት ክር አላባከንኩም።

ከዚያ ከበሩ ትይዩ ያለውን ጎን ከዞኮሎው ሥር ወሸቅነው፤ ግራና ቀኙ ግድግዳውን ነክቶ ቀረ። የበሩ ጎን አጠረ። ብረቱ የሚነክሰው አጣ።

በስንት አጠረ? በሁለት ጣት።

አባ ቢያ ጠርዙን በትንንሽ ምስማር ያዝ ያዝ አደረጉት። አላደረም። ጠዋት ወደ ላይ ተቆልምሞ ቆየን። እንግዳው ስለ ዘንድሮው ቡና ሊናገሩ ሲገቡ ጫማቸውን ያዘው። እሳቸው በጉልበታቸው፣ ወረቀታቸው በየወንበሩ ሥር።

«ማነው ይህን የቆረጠው?» አሉ ሥራ አስኪያጃችን።

እጄን ላወጣ ጀመርኩና ፀጉሬን አስተካከልኩበት።

«እኔ ነኝ» አሉ አባ ቢያ።

ከኋላ አንዱ «የሽማግሌው ዓይን ጡረታ ወጥቷል» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም፣ ይቅር በሉኝ፣ ፈገግ አልኩ።

የአባ ቢያ የቋሚነት ደብዳቤ ተተይቦ ፊርማ ብቻ ይጠብቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ «ለጊዜው ይቆይ» ተብሎ መሳቢያ ገባ።

ሮጬ ሄድኩና «ለምን እንዲህ አደረጉ?» አልኳቸው።

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ» አሉኝ፤ መጋዛቸውን እየጠረጉ። «እኔ መጠበቅ ለምጃለሁ። አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። ምንጣፉን ያሳጠርኩት እኔ፣ ደብዳቤው የተያዘባቸው እሳቸው። የዚህን ጽሑፍ ግልባጭ ይዤ አሁን በሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ቆሜያለሁ። ከቆምኩ ቆየሁ። አራት ዓመት ስማር በር ማንኳኳት ያስተማረኝ የለም።

ከመካከላችሁ አንዱ መጥቶ ቢያንኳኳልኝስ? መናገሩን እኔ እናገራለሁ።